የሚያነክሰው ጠባቂ የግብርናም ጉዳይ ነው

በደጋማ ወረዳዎች በግ የሚያረባ አርሶ አደር ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደው በውሻው ተማምኖ ነው። ጅብ አጥር ሲጠጋ ቀድሞ የሚሰማው፣ ጮኾ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው፣ ከበረቱ ደጃፍ የማይነቃነቀው ውሻ ነው። እሸት ሲደርስ ቀን ጦጣና ዝንጀሮን፣ ሌሊት ጃርትን ከማሳ ያባርራል። ከእረኛ ጋር ውሎ ግልገል ሊነጥቅ የመጣውን ቀበሮ የሚያሯሩጠውም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራ እንስሳ በወረዳ ዕቅድ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ግን በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ በእብድ ውሻ በሽታ። ክትባት ሲመጣ ይከተባል፤ ባለቤት የለውም ከተባለ ይወገዳል። ከዚያ ውጪ ሲያነክስ፣ ጠዋት ከተኛበት መነሳት ሲያቅተው፣ ጅብ እየመጣ ቆሞ ብቻ ሲጮኽ ጉዳዬ ብሎ የሚያየው የለም። ባለቤቱ “አረጀ” ይላል። የጤና ኬላው ባለሙያም ስላልተጠየቀ አይመለከተውም። ውሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርጅና ብቻ አይደለም ያሸነፈው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው።

ይህ አሠራር መታረም አለበት። በሬ ሲያነክስ እርሻ ስለሚስተጓጎል ይታከማል፤ አህያ ጀርባዋ ሲላጥ ጭነት ስለሚቀር ታርፋለች። ውሻም የሥራ እንስሳ እስከሆነ ድረስ ማነከሱ የግብርና ጉዳይ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በአመዛኙ ዕውቀትና ትኩረት ነው፤ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሕመሙ ምን እንደሆነ መረዳት ይቀድማል። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ቦታ የአጥንቶቹ ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ልባስ ተሸፍኗል። በመካከላቸውም እንደ ቅባት የሚያገለግል ፈሳሽ አለ። ውሻ ሲሮጥና ሲዘል አጥንት ከአጥንት ጋር ሳይፋተግ የሚንሸራተተው በእነዚህ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይጠገንም። ልባሱ እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ በዙሪያው አዲስ አጥንት እንደ ጉጥ ይበቅላል፤ እግሩም እንደ ቀድሞው መታጠፍና መዘርጋት ያቅተዋል። በሰው ላይ ሲሆን “ቁርጥማት” የሚባለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። በሰሜን አሜሪካ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረ ግምት ከአምስት አዋቂ ውሾች አንዱ ይህ ችግር እንዳለበት ያመለክታል።

ውሻ ሕመሙን አይናገርም፤ ሲያመውም ሁልጊዜ አይጮኽም። ስለዚህ አካሄዱን ማንበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምልክት ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ መግተርተሩ ነው። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታል፤ ባለቤቱም “ተሻለው” ብሎ ይተወዋል። ብርድና እርጥበት ባለበት ወቅት ይብስበታል። ይዘልለው የነበረውን ካብ በዙሪያው ይሄዳል። አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል። የታመመው እግር ጡንቻ ከሌላኛው ቀጥኖ ይታያል። ጥፍሮቹም እኩል አያልቁም።

የትኛው እግር እንደታመመ ለማወቅ ውሻውን በደልዳላ መሬት ላይ ቀስ ብሎ ማስኬድ ይበቃል። የውሻ የፊት እግሮች ከሰውነቱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ይሸከማሉ። ስለዚህ ሕመሙ በፊት እግር ከሆነ የታመመው መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሕመሙ በኋላ እግር ሲሆን ደግሞ የታመመው ወገን ዳሌ ከፍና ዝቅ ማለቱ ከሌላው ጎልቶ ይታያል። ይህን ማንም እረኛ ሊያየው የሚችል ነው።

መንስኤዎቹም በአርሶ አደሩ ደጅ ያሉ ናቸው። የበሬና የበቅሎ እርግጫ፣ የድንጋይ ውርወራ፣ በመንገድ ዳር የመኪና ግጭት፣ ከጅብ ጋር የሚደረግ ትግል መገጣጠሚያን ይጎዳሉ። በጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት ሲበጠስ ውሻው ለጊዜው በሦስት እግሩ ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላ እግሩን መርገጥ ቢጀምርም ያ ጉልበት ለቀሪው ዕድሜ የሕመም ቦታ ይሆናል። የንክሻ ቁስል ወደ መገጣጠሚያው ከዘለቀ ደግሞ ጀርም ይገባና ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። በቆላማ አካባቢዎች መዥገር የሚያስተላልፋቸው እንደ ኤርሊኪያ ያሉ በሽታዎች በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መገጣጠሚያ ሊያሳምሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ውሻ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው እግሩ ሲያነክስ፣ ሲያተኩሰውና ምግብ ሲተው ይታያል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ሊታከም የሚችል ነው።

ገና በቡችላነት የሚጀምርም ችግር አለ። የሚያድግ ቡችላ ካልሲየም ያልበዛበት ሥጋ ብቻ ወይም የተረፈ እንጀራ ብቻ ከበላ አጥንቱ ጠንክሮ አያድግም፤ እግሩ ይጣመማል፤ የተጣመመ እግርም መገጣጠሚያውን ያለ ጊዜው ይጨርሳል። በከተሞች ለግቢ ጥበቃ የሚገዙት እንደ ጀርመን ሸፐርድ ያሉ ግዙፍ ዝርያዎች ደግሞ የዳሌ መገጣጠሚያ በትክክል ያለመግጠም ችግር በዘር ይተላለፍባቸዋል። ከሚያነክስ እናትና አባት ቡችላ መግዛት ሕመሙን ገዝቶ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ልማድ አለ፤ ውሻን ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ ማታ መፍታት። ከጠዋት እስከ ምሽት በአንድ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በእርጥብ መሬት ላይ ተቀምጦ የዋለ ውሻ ጡንቻው ይላላል፤ መገጣጠሚያው ይግተረተራል። ሲፈታ ደግሞ ሰውነቱ ሳይፍታታ በአንድ ጊዜ ጅብ ለማባረር ይወረወራል። የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው፣ ትከሻ የሚወልቀው እንዲህ ባለው ድንገተኛ ሩጫና መታጠፍ ነው። ውሻው ታስሮ መዋሉ ለመንገደኛው ደኅንነት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሰንሰለቱን ማስረዘም፣ ወይም በሁለት እንጨት መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ግን ለማንም አይከብድም።

ሕመሙ ከመጣ በኋላ የሚደረገውም አንዳንዴ ከሕመሙ የባሰ ነው። የሚያነክስ እንስሳን በጋለ ብረት መተኮስ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። ተኩስ ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ጉዳት አያድንም፤ በሕመም ላይ ቁስል ይጨምራል፤ ቁስሉም የጀርም መግቢያ ይሆናል። የወለቀ የሚመስለውን ሁሉ መጎተትም እንዲሁ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው አደጋ ከሰው መድኃኒት ቤት የሚመጣ ክኒን ነው። ባለቤቱ ለራሱ ወገብ ሕመም የሚወስደውን አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አዝኖለት ለውሻው ይሰጣል። የውሻ ሰውነት እነዚህን መድኃኒቶች እንደ ሰው አይቋቋምም። ጨጓራው ይቆስላል፤ ደም ያስመልሰዋል፤ ሰገራው ይጠቁራል፤ ኩላሊቱ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ጉበቱን ይጎዳል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ የሰው ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም።

የዳይክሎፌናክ ጉዳይ ከአንድ ውሻም ያለፈ ነው። በደቡብ እስያ ለከብት ሕክምና በስፋት ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱን ወስደው የሞቱ ከብቶችን ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሦስት ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ቀነሰ። መንስኤው በጥናት ይፋ የሆነው እ.አ.አ በ2004 ሲሆን፣ ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና መጠቀምን በ2006 አገዱ። በሕንድ ጥንብ አንሣው ሲጠፋ ጥንቡ ለባዘኑ ውሾች ተረፈ፤ ከውሾቹ መብዛት ጋርም የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። በደጋማ ገደሎቻችን ጥንብ አንሣ አሁንም አለ፤ የሞተን እንስሳ ያለ ክፍያ የሚያጸዳልን እሱ ነው። የሰው ማስታገሻ ለእንስሳ መስጠትን መከልከል እሱንም መጠበቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተጎዳ መገጣጠሚያን እንደ አዲስ የሚያደርግ መድኃኒት የለም። ሕመሙን ማቅለልና ውሻውን በሥራው ላይ ማቆየት ግን ይቻላል። ድንገት ያነከሰ ውሻ በመጀመሪያ ጥቂት ሳምንታት ከሩጫና ከዝላይ ይረፍ። ከዚያ በኋላ ጨርሶ አስሮ ማስቀመጥ ሳይሆን በየቀኑ መጠነኛ የእግር ጉዞ ያስፈልገዋል፤ መገጣጠሚያን የሚደግፈው ጡንቻ ነውና። ከነፋስና ከዝናብ የተከለለ፣ ጭድ ወይም አሮጌ ጆንያ የተነጠፈበት ደረቅ መኝታ ይዘጋጅለት። ጥፍሩ ከረዘመ ይቆረጥ፤ መዥገሩ ይለቀም። እብጠቱ አዲስ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ በነከረ ጨርቅ፣ የቆየና የተግተረተረ ከሆነ ደግሞ በለብታ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ያቀልለታል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ከገበያ የሚገዛ አይደለም።

ምግቡም ይታሰብበት። የገጠሩ ውሻ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መክሳት ነው፤ የከሳ ውሻ መገጣጠሚያውን የሚደግፍ ጡንቻ የለውም። በሥጋ ቤት፣ በሆቴልና በመጋዘን ደጃፍ የሚኖረው ውሻ ደግሞ ሊወፍር ይችላል። በአሜሪካ በ48 የላብራዶር ውሾች ላይ ከቡችላነት እስከ ሞት የተደረገና ዋና ውጤቱ እ.አ.አ በ2002 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከአቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ያገኙት ውሾች 1.8 ዓመት ያህል ረዝመው ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ መጣባቸው። ለወፈረ ውሻ ክብደት መቀነስ ራሱ ሕክምና ነው።

ሕመሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልቀለለ ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ። ሜሎክሲካም ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ለጥንብ አንሣም ጎጂ እንዳልሆነ በጥናት ታይቷል። ይሁን እንጂ መጠኑ በውሻው ክብደት ተለክቶ፣ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ነው። እንደ ዴክሳሜታዞን ካለ መርፌ ጋር አንድ ላይ ቢሰጥ ጨጓራን ይበሳል። ውሻው ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ መድኃኒቱን ማቆምና ባለሙያውን ማማከር ግድ ነው። እግሩን ጨርሶ የማይረግጥ፣ አጥንቱ የተጣመመ ወይም ከንክሻ በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ የሚያቃጥል ውሻ ግን ቀን ሳያድር ወደ ጤና ኬላ መወሰድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ያነከሰ ሁሉ ቁርጥማት የያዘው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አንዳንዴ በቁጣ ሳይሆን በድካምና በሽባነት ይጀምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የኋላ እግሩ የተልፈሰፈሰ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ አገጩ የተንጠለጠለ፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ ሲያጋጥም አፉን ለማየት እጅ መስደድ አይገባም። ከሰውና ከእንስሳ ለይቶ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የመገጣጠሚያ ሕመምና የእብድ ውሻ በሽታ በሌላ መንገድም ይገናኛሉ። የሚያመው ውሻ ሲነኩት ይናከሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚነካው ደግሞ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በተጨማሪም ሁለትና ሦስት ሰዓት ወደሚያስኬድ የክትባት ጣቢያ የሚያነክስ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ ቤት ይቀራል፤ ሳይከተብም ይከርማል። ሥራ አይሠራም ተብሎ ሲባረርም ካልተከተቡት የባዘኑ ውሾች ጋር ይቀላቀላል። በሽታው በአንድ አካባቢ እንዲገታ ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶ መከተብ አለባቸው። በውሻ ምክንያት የሚመጣ የሰው ሞት እ.አ.አ በ2030 ዜሮ እንዲሆን ዓለም አቀፍ ግብ ተይዟል። እያንዳንዱ የተረሳ አንካሳ ውሻ ከዚህ ግብ ያርቃል።

“ለላሟ መድኃኒት ሳይሟላ ስለ ውሻ ቁርጥማት ማውራት ቅንጦት ነው” የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። የጤና ኬላዎች የመድኃኒትና የሰው ኃይል እጥረት እውነት ነው፤ ላሟም ልትቀድም ይገባታል። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘረው አብዛኛው ነገር ከላሟ መድኃኒት አንድ ጠብታ አይወስድም። ሰንሰለት ማስረዘም፣ መኝታ ማድረቅ፣ መተኮስን መተው፣ የሰው ክኒን አለመስጠት የምክር ሥራ ነው። በአንጻሩ ጠባቂው ባልተነሳበት ሌሊት ጅብ በረት ገብቶ የሚያደርሰው ጥፋት የቤተሰቡን የዓመት ገቢ ሊነካ ይችላል። በግን ለማድለብ የሚደክም የግብርና ሥራ የበጉን ጠባቂ ሊረሳ አይገባውም።

ስለዚህ ከወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች አራት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ የእብድ ውሻ ክትባት በሚሰጥበት ዕለት ባለሙያው እያንዳንዱ ውሻ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ይመልከት፤ የሚያነክሰውንም ይመዝግብ። ውሻው ከነባለቤቱ ቆሞ ሳለ ይህ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። መራመድ ያቃታቸው ውሾች ያሉባቸው ቤቶች ተለይተው ክትባቱ ወደ ቤታቸው ይሂድ። ሁለተኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአርሶ አደር ስብሰባዎች ስለ ሰንሰለት፣ ስለ መኝታ፣ ስለ ተኩስና ስለ ሰው ክኒን አጭር ትምህርት ያክሉ። ሦስተኛ፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በመነጋገር የሰው መድኃኒት ቤቶች ለእንስሳ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ማስታገሻ እንዳይሸጡና ወደ ጤና ኬላ እንዲመሩት ይደረግ። አራተኛ፣ ውሻ የሚይዙ ባለሙያዎች ራሳቸው ቅድመ መከላከያ ክትባት ያግኙ። የሚያመውን ውሻ እግር እንዲዳስስ የሚጠየቅ ባለሙያ ሳይከተብ መላክ የለበትም። እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ተቋማት ተማሪዎቻቸውን በዚህ ሥራ ቢያሰማሩ ወረዳው እጅ ያገኛል፤ ተማሪውም ልምድ ይቀስማል።

የአርሶ አደሩም ድርሻ አለ። ውሻውን በሳምንት አንድ ቀን ሲራመድ ልብ ብሎ መመልከት፣ በጎልማሳነቱ ሳለ ቡችላ ከጎኑ ማሳደግና የጥበቃውን ጫና ማጋራት ይችላል። የውሻ የሥራ ዘመን አጭር ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ግዙፍ ውሻ አርጅቷል፤ ጅብ ፊት ብቻውን ማቆም ተገቢ አይደለም። ሕመሙ በምንም የማይቀልበት ደረጃ ላይ የደረሰ ውሻ ደግሞ ጫካ ወስዶ መጣል ወይም መርዝ ማብላት አይገባም። መርዙ ጥንቡን የበላውን ጥንብ አንሣና ሌላ እንስሳ ይዞ ይሄዳል። ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ማድረግ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጤና ኬላውም ይህን አገልግሎት ለጠየቀ ሰው መከልከል የለበትም።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። መግተርተር በጀመረበት ሳምንት የተረዳ ውሻ ተጨማሪ ዓመታት ደጅ ይጠብቃል፤ “አረጀ” ተብሎ የተተወው ግን ጅብ አጥር በሚገፋበት ሌሊት ከተኛበት አይነሳም። ለዚህ አዲስ ፕሮግራም መጠበቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዙር የውሻ ክትባት ወደየቀበሌው የሚወጣው ቡድን መርፌውን ወግቶ ከማሰናበቱ በፊት ውሻው እንዴት እንደሚራመድ ይመልከት።